«ትረካ ነው» ተብዬ 62 አገኘሁ፤ ኮርሱን ልጣለው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከአዲስ አበባ በተማሪ ቪዛ መጥቼ ሜሪላንድ ኮሌጅ ከገባሁ ሁለተኛ ሴሚስተሬ ነው። የምማረው አካውንቲንግ ቢሆንም ለመመረቅ ብዬ የአሜሪካ ታሪክ ወሰድኩ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስለተማርኩ ቋንቋው ይቸግረኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አሁን በሳምንት 60 ገጽ አንብቡ እንባላለን፤ አንዱን ገጽ በመዝገበ ቃላት ስፈታ ይነጋል። በሊንከን የጌቲስበርግ ንግግር ላይ የጻፍኩትን ደግሞ ፕሮፌሰሯ «ትረካ ነው፤ መከራከሪያ የለውም» ብለው 62 ሰጡኝ። ሰዋስዉን እንኳ አላረሙልኝም። ድሮፕ ላድርገው?
ግራ የገባው፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ የሚያጣድፈው እሱ ነው። ለማንም ሳትናገር ኮርሱን እንዳትጥል። በተማሪ ቪዛ ያለ የኮሌጅ ተማሪ በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ አለበት። ከዚያ ዝቅ የምትለው የኮሌጁ የውጭ ተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊ አስቀድሞ ሲፈቅድልህ ብቻ ነው፤ ጥሎ ፈቃድ መጠየቅ የለም። ብዙ ልጆች የማያውቁት ግን፣ ገና ጀማሪ ሆኖ በእንግሊዝኛው ወይም በንባቡ ብዛት መቸገርን ደንቡ ራሱ በምክንያትነት ይቀበላል። የአሜሪካኖቹን የማስተማር ዘዴ አለመልመድንም እንዲሁ። ከተፈቀደልህ እስከ 6 ክሬዲት መውረድ ትችላለህ፤ በሚቀጥለው ሴሚስተር ግን ወደ ሙሉው ትመለሳለህ። በአንድ የትምህርት ደረጃ የሚሰጠውም አንዴ ነው። እኔ ብሆን በአንድ 62 አላቃጥላትም።

ኮሌጅ ውስጥ የተማሪዎችን ጽሑፍ ማየት ሥራዬ ከሆነ 11 ዓመቴ ነው። ሰዋስውህ አለመታረሙ አናዶሃል፤ እኔ ግን በደግ ነው ያየሁት። የማይገባ ዓረፍተ ነገር ቢኖርህ ፕሮፌሰሯ በዝምታ አያልፉትም ነበር።

የታሪክ ትምህርት እንግሊዝኛ የሚጥለን አውቀዋለሁ ባልነው ቃል ነው። እኔ በመጀመሪያ ዓመቴ ስለ ሪኮንስትራክሽን ጻፉ ስንባል፣ ቃሉ አገሬ ከማውቀው ኮንስትራክሽን ጋር ተዛመደብኝና ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ድልድይ፣ ስለ ባቡር ሐዲድ፣ ስለ ተቃጠሉ ከተሞች ጥገና ጻፍኩ። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1865 እስከ 1877 የዘለቀው ያ ዘመን ዋናው ጉዳዩ ሕግ ነበር። በ13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ባርነት ቀረ፤ በ14ኛው ነፃ የወጡት ዜጋ ሆኑ፤ 15ኛው ማንም በዘሩ ምክንያት ከመምረጥ እንዳይከለከል ደነገገ። እኔ ወረቀት ላይ ከሦስቱ አንዱም የለም። መምህሩ ከግርጌ «ጥሩ መሐንዲስ ይወጣሻል» ብሎ ጻፈልኝ። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ስለዚህ መዝገበ ቃላቱን ቀንሰው። መጀመሪያ የምዕራፉን መግቢያና መደምደሚያ፣ ቀጥሎ የየአንቀጹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር አንብብ። የምትፈታው ሦስት ጊዜ የተመላለሰብህን ቃል ብቻ ይሁን።

አሁን ወደ ሊንከን። ንግግሩ 300 ቃል አይሞላም። «ፎር ስኮር ኤንድ ሰቨን ይርስ አጎ» ብሎ ይጀምራል። ስኮር እዚህ ላይ ሃያ ማለት ነው፤ የጎል ስኮር የሚመስለው ተማሪ በየዓመቱ አላጣም። አራት ሃያ 80፣ ሰባት ሲጨመር 87። የተናገረው በ1863 ነው፤ 87 ቀንስለት፣ 1776 ይመጣል፤ አሜሪካ ከእንግሊዝ ነፃ መሆኗን ያወጀችበት የነፃነት አዋጅ ዓመት። ሕገ መንግሥቱ የተረቀቀው ግን በ1787 ነው። ታዲያ ሰውዬው ለምን ከዚያ አልቆጠረም? አዋጁ ሰዎች ሁሉ እኩል ተፈጠሩ ይላል። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ «ባሪያ» የሚለውን ቃል እንኳ ሳይጠራ፣ የምክር ቤት ወንበር ሲደለደል እያንዳንዱን ባሪያ የአንድ ሰው ሦስት አምስተኛ አድርጎ ይቆጥር ነበር።

«ሊንከን በወታደሮች መካነ መቃብር ምረቃ ላይ ንግግር አደረገ» ብትል ትረካ ነው፤ እውነት ስለሆነ ማንም አይሟገትህም። «ሊንከን ከ1776 የቆጠረው አገሪቱ የቆመችው በእኩልነት ላይ ነው ለማለት ነው» ስትል ግን «በምን አወቅህ?» የሚል ሰው ይነሳብሃል። ፕሮፌሰሯ ያጡት ያንን ሰው ነው። የቀረው ገጽህ ለእሱ የምትሰጠው መልስ ይሁን።

እንግዳ ነገር እንዳይመስልህ። የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ ላይ በአማርኛው «ይቻላቸዋል» የሚለው ግሥ በጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ መገኘቱን ይዘን ስንት ክፍለ ጊዜ ተሟግተናል! ሥራው ያው ነው። ያቺን አንዷን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምራት፤ በአማርኛ አልወጣ ካለችህ እንግሊዝኛው ላይ አትድከም። የመጽሐፉን ዓረፍተ ነገር ግን እንዳለ አታምጣ። እኛ ቃል በቃል መያዝን ጉብዝና ብለን ነው ያደግነው፤ እዚህ ምንጩን ካልጠቀስክ ስርቆት ይሉታል።

ኮሌጅህ እንደ እኔ ያሉ ሰዎች የተማሪን ጽሑፍ የሚያዩበት ራይቲንግ ሴንተር ካለው ቀጠሮ ያዝ። ስትገባ «አርሙልኝ» አትበል፤ ቀይ እስክሪብቶ ይዘን አንጠብቅህም። «መከራከሪያዬ የት ጋ ነው የሚጠፋባችሁ?» በል።

ወደ ፕሮፌሰሯም ሂድ። በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም ሲሉን ስላደግን የመምህር በር ማንኳኳት ያሳፍረናል፤ ነገር ግን ሲላበሱ (የኮርሱ ዕቅድ) ላይ ኦፊስ አወር ብለው የጻፉት ሰዓት ላንተ የተመደበ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ብቻቸውን ነው የሚቀመጡት። 62ቱን አታንሳባቸው። ያቺን ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ጽፈህ ያዝ፤ ከስልክህ አታሳያቸው፣ እስክሪብቶ የሚያሳርፉበት ያጣሉ።