ጥቁር ቆዳ ከቆዳ ካንሰር ሙሉ በሙሉ ይከላከላል ወይ?
ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው የቆዳ ካንሰር አይይዘውም ወይ ብለው ለጠየቁት፣ አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። ለቆዳና ለጠጉር ቀለም የሚሰጠው ንጥረ ነገር ሜላኒን ይባላል፤ ጠቆር ያለው ዓይነቱ፣ ዩሜላኒን፣ የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር እየመጠጠ የቆዳ ሕዋሳትን ዲኤንኤ ከጉዳት ይጠብቃል፤ ቀላ ያለው ፊዮሜላኒን ግን ይህን ያህል አይከላከልም። ኤምሲ1አር የተባለው ጂን ሥራው ሲዳከም ሚዛኑ ወደ ፊዮሜላኒን ያጋድላል፤ በተፈጥሮ ቀይ ጠጉርና በፀሐይ ቶሎ የሚቃጠል ቆዳ ያላቸው ሰዎች ሜላኖማ ለተባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር ይበልጥ የሚጋለጡት በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። እርግጥ የቆዳ ቀለምን የሚወስኑት ብዙ ጂኖች ናቸው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን በጥቁር ሰዎች ላይ ሜላኖማ ብዙ ጊዜ የሚወጣው በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር፣ ማለትም የፀሐይ ድርሻ አነስተኛ በሆነበት ቦታ መሆኑ ነው፤ ስለማይጠረጠርም ዘግይቶ ይታወቃል። ቦብ ማርሌይን እ.ኤ.አ. በ1981 ለሞት የዳረገው በእግር ጣቱ ጥፍር ሥር የጀመረ ሜላኖማ ነበር። ስለዚህ በእነዚህ ቦታዎች አዲስ ወይም እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ምልክት ካዩ፣ ሳይዘገዩ የቆዳ ሐኪም ያማክሩ።