ትንንሽ ደንበኞችን ስለ መሰናበት

ለወጣት የሙያ ባልደረቦቼ፣

ባለፈው ወር ለኮምፒውተር ባለሙያዎች በተዘጋጀ አንድ ሥልጠና ላይ ስለ ማማከር ሥራ እንድናገር ተጋብዤ ነበር። ንግግሬን ስጨርስ፣ በግሏ ማማከር ከጀመረች ሦስት ዓመት የሆናት አንዲት ወጣት ከኋላ ወንበር እጇን አውጥታ «ከአንድ ትልቅ ድርጅት ጋር ልፈራረም ነው፤ እስከ ዛሬ ያኖሩኝን ትንንሽ ደንበኞቼን በክብር እንዴት ልሰናበታቸው?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም የአንድ ወር ማስታወቂያ በጽሑፍ ስጪያቸው፣ በቦታሽ ሌላ ባለሙያ ተኪላቸው፣ ሒሳብሽንም ዝጊ አልኳት። ሰው አጨበጨበ። ወደ ቤቴ ስመለስ መገናኛ ላይ መንገድ ተዘጋግቶ አንድ ሰዓት ያህል ቆምኩ፤ በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ከነገርኳት ከሦስቱ አንዱንም እኔ ራሴ አድርጌው እንደማላውቅ ትዝ አለኝ። ይህን የምጽፈው በመጀመሪያ ለእሷ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ለቅቄ በግሌ መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላኝም ነበር። ሁለተኛው ደንበኛዬ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ፣ ዕድሜው ወደ ስልሳ የተጠጋ ነጋዴ ነው። ሱቁ ከደጅ ሲያዩት ጠባብ ነበር፤ ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ግን ኩሽኔታው፣ ካንዴላው፣ ፍሪሲዮኑና የፍሬን ሸራው እስከ ጣሪያ ተደርድሮ ከ4,000 በላይ የዕቃ ዓይነት ይዟል። የእያንዳንዱን ቦታና ቀሪ በቃሉ የሚያውቅ ሃያ ሁለት ዓመት ያልሞላው ስቶርኪፐር ነበረው። ባለሱቁ ያስጠራኝም «ይህ ልጅ የታመመ ቀን እኔ ዕውር ነኝ» ብሎ ነው። እኔን «ኢንጂነር» እያለ ይጠራኝ ነበር፤ ኢንጂነር አለመሆኔን ሁለት ጊዜ ነግሬው ሁለቱንም ጊዜ ስቆ አልፎታል።

በማይክሮሶፍት አክሰስ፣ መረጃ በሚያደራጅ ፕሮግራም፣ የዕቃ መቆጣጠሪያና የዱቤ መዝገብ ሠራሁለት። ኮምፒውተሩ ከቅባቱና ከአቧራው እንዲርቅ ቆጡ ላይ አወጣነው። ለሥራው 6,000 ብር ተስማምተን ነበር፤ ለክትትል ደግሞ በየወሩ 400 ብር ከመሳቢያው ቆጥሮ ይሰጠኛል፤ ከመስጠቱ በፊት ግን ሁልጊዜ «ትንሽ አትቀንስም?» ይላል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የእሱ ቀን ነበር። በዚያ ሥራ ከሁሉ የምኮራው የዱቤ ደብተሩን በማስጣሌ ነበር። ጠርዙ በእጅ ቅባት የጠቆረ፣ በላስቲክ የታሰረ ወፍራም ደብተር ነው፤ ከጋራዥ ባለቤቶችና ከክፍለ ሀገር ነጋዴዎች ማን ምን እንደወሰደና ስንት እንደቀረበት የሚታወቀው ከዚያ ብቻ ነበር። «ሁለት ቦታ መጻፍ ስሕተት ያበዛል» ብዬ ስድስት ወር ሙሉ ጨቀጨቅኩትና በመጨረሻ ደብተሩ መሳቢያ ገባ።

ለመጠባበቂያ ቅጂ አንዲት ባለ 512 ሜጋባይት ፍላሽ ገዛን። ማታ ሱቁ ከመዘጋቱ በፊት ስቶርኪፐሩ ፍላሿን ይሰካል፣ ስክሪኑ ላይ ያስቀመጥኩለትን ምልክት ይጫናል፣ ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ አንድ ፋይል መቀዳቱን ይነግረዋል፤ ከዚያ ፍላሿን ነቅሎ በመሐረብ ይቋጥርና ኪሱ ከቶ ቤቱ ይዟት ይሄዳል። አንድም ማታ አላስታጎለም። በኋላ የሠራሁባቸው ትልልቅ ድርጅቶች ማቀዝቀዣና የጣት አሻራ መቆለፊያ ያላቸው የሰርቨር ክፍሎች ነበሯቸው፤ የዚህን ልጅ ያህል የታመነ ሠራተኛ ግን በአንዱም ክፍል አላገኘሁም።

በሐምሌ 2000 የበጀት ዓመቱ ሲቀየር ፋይሉ ከብዶ ስለነበር ለአዲሱ ዓመት አዲስ ፋይል ከፍቼ ቀሪውን ዕቃና ዱቤ ወደዚያ አሻገርኩ። በዚያው ሳምንት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆኜ በአዲስ ዘመን ላይ ለወጣ የአንድ ትልቅ ድርጅት ጨረታ ሰነድ እያዘጋጀን ነበር። የቴክኒኩና የዋጋው ፖስታ ለየብቻ ታሽጎ፣ ለጨረታ ማስከበሪያ የሚሆነው የክፍያ ማዘዣ (ሲፒኦ) ከባንክ ወጥቶ ዓርብ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት መግባት ነበረበት። ስለዚህ ሙሉ ቀን የሚፈልገውን የሶማሌ ተራ ሥራ በግማሽ ቀን ጨርሼ ወጣሁ። ጨረታውን አሸነፍን። የውሉ ዋጋ ዘጠኝ ትንንሽ ደንበኞች በአራት ዓመት ከከፈሉኝ ሁሉ ይበልጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ሐሙስ ከሰዓት የስብሰባ ቀን ሆነ፤ በመጀመሪያ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ቀጥሎ በወር አንዴ ብቅ አልኩ፣ ከጥቅምት ወዲያ ጨርሶ አልሄድኩም። የወር ክፍያውን አልተቀበልኩም፤ በዚህ ምክንያት ራሴን እንደ ጨዋ ሰው እቆጥር ነበር።

አሁን ወደ ጸጸቴ ልምጣ። በጥር 2001 አንድ ቀን ከስብሰባ አዳራሽ ደጅ ቆሜ ሻይ ስጠጣ ስቶርኪፐሩ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር፤ ፍላሿ ላይ ያለው ፋይል ቀኑ አይለወጥም። ዛሬ ጥር ነው፣ እሱ ግን አሁንም ጁላይ ነው የሚለው» አለኝ። ከአዳራሹ ውስጥ ስሜ እየተጠራ ነበር። «ችግር የለውም፣ ዝም ብለህ ቀጥል» አልኩትና ስልኩን ዘጋሁ። ጥሪው አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ልጁ የጠየቀኝ በሙያችን ሊጠየቅ ከሚችለው ሁሉ ትክክለኛውን ጥያቄ ነበር፤ ምክንያቱም በዚያ በችኮላ በተሠራ ግማሽ ቀን አዲሱን ፋይል ስከፍት ምልክቱ ሥር ያለውን ትእዛዝ መለወጥ ረስቼው ነበር። ልጁ ማታ ማታ በመሐረብ ቋጥሮ ቤቱ የሚወስደው ያለቀውን ያምናውን ፋይል ነበር።

የ2001 ዓ.ም. የመብራት ፈረቃ ከመካከላችሁ ትዝ የሚላችሁ ጥቂቶች ትሆናላችሁ። በሰኔ አንድ ማለዳ መብራቱ ሄዶ ሲመጣ፣ መብራት ሲሄድ ማሽኑን በባትሪ የሚይዘው ዩፒኤስ አርጅቶ ሳይደግፈው ቀርቶ የኮምፒውተሩ ሐርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ እያለ አልነሣም አለ። ተጠርቼ ስሄድ ባለሱቁ አልተጨነቀም ነበር፤ «ፍላሿ አለች አይደል?» አለኝ። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰካኋት። የመጨረሻው ሽያጭ የሐምሌ 2000 ነበር። ሐርድ ዲስኩን ይዤ ያን ጊዜ እናስነሣለን ወደሚሉት ሁሉ ዞርኩ፤ አልተነሣም። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ዐሥራ አንድ ወር ባዶ ሆነ።

ዕቃውን ቆጠሩት። ስቶርኪፐሩና ሁለት የባለሱቁ ልጆች ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ሱቅ ውስጥ እያመሹ ኩሽኔታ በቁጥሩ ሲለዩ፣ ካንዴላ በዐሥር በዐሥር ሲደረድሩ ከረሙ፤ ሁለቱን ማታ እኔም አብሬ ቆጠርኩ። ሽያጩን ከደረሰኝ ቀሪ ለቃቅመን ጻፍነው። ዱቤው ግን የትም አልነበረም፤ ምክንያቱም ደብተሩን ያስጣልኩት እኔ ነኝ። ባለሱቁ መሳቢያውን ከፍቶ አሮጌውን ደብተር አወጣ፣ ላስቲኩን ፈታው፣ ያላለቀ ገጽ ፈልጎ ቀኑን ጻፈበት። «ያለበት ያውቃል፣ ይመጣል» አለ። የመጡ ነበሩ፤ ከሐዋሳ ድረስ መጥቶ የከፈለ ሰው እኔ ባለሁበት አይቻለሁ። ያልመጡም ነበሩ። ስንት እንደቀረበት አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። «መብራቱ በላን» ብቻ ይል ነበር።

ትልቅ ድርጅት ይሻላል ወይስ ትንሽ የሚለው ክርክር ከገንዘቡ ሲጀመር ይሰለቸኛል፤ ሆኖም ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ልበል። ትንሹ ይከራከራችኋል እንጂ ያው ከመሳቢያው ቆጥሮ ይሰጣችኋል። በትልቁ ውል የመጀመሪያውን ደረሰኝ ስንቆርጥ ክፍያው ከኮሚቴ ኮሚቴ እየዞረ አራት ወር ፈጀ፤ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ግን ገንዘቡ መጣም አልመጣም በወሩ ይጠየቃል፤ ከጓደኞቼ አንዱ መኪናውን ሸጦ ነው ያን ያለፍነው። ክፍያው ሲመጣም፣ በዚያን ጊዜ ሕግ፣ 2 በመቶው ለቅድመ ግብር ተቀንሶ ነበር። የስድስት ወር ስንቅ ሳትይዙ ወደ ትልቅ ውል አትግቡ። ሌላውን ከእኔ ይልቅ የሒሳብ ሠራተኛችሁ ይነግራችኋል።

ለእኔ ዋናው ልዩነት ስሕተታችሁ የት ይወድቃል የሚለው ነው። በትልቁ ድርጅት ውስጥ እኔ የሠራኋቸው ስሕተቶች ከሶማሌ ተራው የባሱ ነበሩ። አንድ ጊዜ የሁለት ቅርንጫፎችን መረጃ ስናሻግር የደንበኞችን ስም አማርኛ ሆሄ ሙሉ በሙሉ አበላሽተነዋል። ነገር ግን ፈታኝ ቡድን ነበረ፣ አሮጌው ሥርዓት ጎን ለጎን ይሠራ ነበር፣ ቃለ ጉባኤ ነበረ፤ ስሕተቱ ሰው ላይ ሳይወድቅ ወረቀት ላይ ቀረ። የትንሹ ደንበኛ ፈታኝ ቡድን ያ በመሐረብ የሚቋጥረው ልጅ ብቻ ነው፤ እሱንም «ዝም ብለህ ቀጥል» ብዬዋለሁ።

ከትልልቆቹ ጋር ስላለው ሥራ ይህን ስል የድሮ ትዝታ ይመጣብኛል። ፈረንጆች 2000 ሲገቡ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 1992 ለ22 አጥቢያ፣ መሥሪያ ቤቱ እኔንና ሁለት ባልደረቦቼን ኮምፒውተሮቹ ቀኑን ተሳስተው እንዳይቆሙ እንድንጠብቅ አሳድሮን ነበር። ወራት ሙሉ የስብሰባ አጀንዳ፣ የአማካሪ ክፍያና የማመልከቻ ክምር የሆነ ጉዳይ ነው። የበር ጠባቂያችን ካፖርቱን ተከናንቦ መጣና «ለእኛ እኮ ገና 8 ዓመት አለን» አለን። ምንም ሳይሆን ነጋ። ትልቅ ድርጅት ለሚፈራው ነገር ለመክፈል አቅም አለው፤ አማካሪውም ያን ፍርሃት ተከትሎ መሄድ ይለምዳል። ትንሹ ነጋዴ ግን እኛ ካልፈራንለት የሚፈራለት የለውም።

እንዲህ ስል ትልቁን ውል የምጸጸትበት እንዳይመስላችሁ። ያ ሥርዓት ተጠናቅቆ ከዐሥር ዓመት በላይ አገልግሏል፤ ልጆቼን ያስተማርኩት በእሱ ነው፤ ለእያንዳንዱ ለውጥ ሰነድ መጻፍን፣ «አይሆንም» የሚለውን ቃል በደብዳቤ ማስፈርን የተማርኩትም እዚያ ነው። ለወጣቶች ስናገር ሁልጊዜ «በትንንሾቹ ጀምሩ፣ ሙሉ ንግዱን ከጓዳ እስከ መሳቢያ የምታዩት እዚያ ብቻ ነው» እላለሁ። የእህቴ ልጅ ትምህርቱን ሲጨርስ ግን ትልቅ ድርጅት እንዲቀጠር ሰው ለምኜ ነው ያስገባሁት። ሁለቱንም ብላችሁ ተቀበሉኝ።

ስለ እናንተ ያለኝን ቅሬታም አልደብቅም። በሦስተኛ ዓመታችሁ ሊንክድኢን ላይ «ዋና አማካሪ» ትላላችሁ፤ የደንበኛውን ሱቅ ሳትረግጡ ከርቀት በኤኒዴስክ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብታችሁ ትወጣላችሁ፤ መጠባበቂያው የት ነው ሲባል «ክላውድ ላይ ነው» ትላላችሁ፣ ከክላውዱ አንድ ቀን መልሳችሁ አውርዳችሁ አይታችሁ እንደሆነ ሲጠየቅ ዝም ነው። ደግሞ ከእኛ ዘመን ይልቅ ፈጣኖች ናችሁ፤ እኔ በሳምንት የምጨርሰውን በአንድ ማታ ስትጨርሱ አያለሁ። እኔንም ግን የሶማሌ ተራውን ሥራ በግማሽ ቀን ያስጨረሰኝ ፍጥነት ነው፤ ስለዚህ ብዙ አልገረምም።

ለጠያቂዬ የምሰጠው ሁለተኛ መልስ ይኸውልሽ። ከመሄድሽ በፊት ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ሙሉ ቀን ስጪ። በዚያ ቀን ኮምፒውተሩ የተቃጠለ አስመስለሽ በሌላ ማሽን ላይ፣ በየዕለቱ ቅጂውን በሚይዘው ሠራተኛ እጅ፣ ሁሉንም ከቅጂው አስነሡት፤ የትናንቱ ሽያጭ ካልታየ አልጨረስሽም። የይለፍ ቃሎቹን በወረቀት ጽፈሽ በፖስታ ለባለቤቱ ስጪ። የምትተኪውን ሰው በስልክ ቁጥር ሳይሆን በአካል ይዘሽ ሂጂ። ደብተር ካላቸውም አታስጥያቸው።

«በክብር» ያልሽውን ግን ገና አልመለስኩልሽም። በዚያ ሰኔ፣ ቆጠራው ያለቀ ማታ፣ ባለሱቁ በር ድረስ ሸኘኝ። የቀረብኝን ክፍያ ብሎ የሁለት ወር ክትትል 800 ብር እጄ ላይ አስቀመጠ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አላስቀነሰም። «አንተ ምን ታደርግ ኢንጂነር፣ መብራቱ ነው» አለኝ። ስቶርኪፐሩ ከኋላው መዝጊያውን ይዞ ቆሟል፤ በጥር ስለደወለልኝ ስልክ ለጌታው እንዳልነገረው በዚያች ቅጽበት ገባኝ። እኔም አልነገርኩም። ገንዘቡን ኪሴ ከትቼ ወደ ተክለ ሃይማኖት በእግሬ ወጣሁ፤ ባለሱቁ ካረፈ አሁን ስድስት ዓመቱ ነው።