እንቁራሪት ከሐይቅ አምጥቶ ስለመልቀቅ ለተጠየቀው

ወንድሜ፣ «ከኮምቦልቻ በታች ቦርከና ዳር ያለው ረግረጋችን ክረምት ሲገባ በእንቁራሪት ጩኸት ይናጥ ነበር፣ አሁን ጸጥ ብሏል፤ ከሐይቅ ዳር ይዘን መጥተን ብንለቅበትስ?» ብለሃል። አብሽር፣ ሐሳብህ መልካም ነው። ግን አታምጣ።

በእንቁራሪት ቆዳ ላይ የሚያድግ ገዳይ ፈንገስ አለ። በሳይንስ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን በአገራችንም ተገኝቷል። ከ17 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይመቸዋል፣ ይህ ደግሞ የወሎ ወይና ደጋ አየር ነው። በእንስሳውም፣ በውሃውም፣ በጫማ ላይ ባለ እርጥብ ጭቃም ይጓዛል። ከአንዱ ረግረግ ወደ ሌላው ስትሄድ ጫማህን ጠርገህ ፀሐይ ላይ ጨርሶ እስኪደርቅ አቆየው። በዚያ ላይ ሣር ውስጥ የሚዘሉት ባለ ረጅም እግር እንቁራሪቶች ለዓይን አንድ ቢመስሉም ብዙ ዝርያዎች ናቸው፤ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኙም አሉባቸው። ማደባለቅ አይገባም።

ይልቅ ነባሮቹን ምን እንዳጠፋቸው ፈልግ። ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ውሃው የሚቆይበት ጊዜ ነው። እንቁላሉ እንደተዘፈዘፈ ተልባ በልጋግ ተጠቅልሎ ጥልቀት የሌለው ዳር ላይ ይቀመጣል። የሚፈለፈለው ጅራታም ግልገል እግር አውጥቶ እስኪወጣ እንደ ዝርያውና እንደ ውሃው ሙቀት ከጥቂት ሳምንታት እስከ ሁለት ወር፣ አንዳንዴም በላይ ይፈጃል። በዚህ መካከል ውሃው ከደረቀ የዓመቱ ትውልድ አለቀ። በጋ ላይ መድረቁ ግን አይጎዳም፤ እንዲያውም ግልገል የሚበላውን ዓሣ ያጠፋል። ስለዚህ ዓሣ አትልቀቅበት።

በበልግም ሆነ በክረምት ለአትክልት በፓምፕ የምትስቡ ከሆነ፣ መሐሉ ላይ ምልክት ያለው እንጨት ትከሉና ውሃው ከ20 ሳንቲ ሜትር በታች እንዳይወርድ ተስማሙ። የመምጠጫውን ጫፍ ሰፊ ቅርጫት ውስጥ አስገብታችሁ ቅርጫቱን በወንፊት ጨርቅ ሸፍኑት። ጨርቁን ቱቦው ላይ ብቻ ካሰራችሁት የመሳብ ኃይሉ አንድ ቦታ ስለሚሰበሰብ ግልገሎቹ ይለጠፉበታል፣ ፓምፑም ይታፈናል። ረግረጉን የሚመግበው ምንጭ ለመጠጥ ውሃ በግንብ ተከልሎ ሲጎለብትም ትርፉ ውሃ በቱቦ ወደ ረግረጉ እንዲመለስ ጠይቁ፤ ይህ ሲረሳ ረግረጉ ቀስ ብሎ ይሞታል። ባሕር ዛፍ ምንጭ ዳር አይተከል፤ ካለም ቅርቡን ቆርጣችሁ ጉቶው እንዳያቆጠቁጥ ተከታተሉ።

ፀረ ተባይና ፀረ አረም ሌላው ነው። እንቁራሪት በቆዳዋም ስለምትተነፍስና ውሃ ስለምትስብ መርዙ በቀጥታ ይገባል። አረም ማጥፊያው ብቻ ሳይሆን ቅጠል ላይ እንዲጣበቅ የሚጨመርበት ነገርም ግልገል ይገድላል። ከውሃው ዳር ቢያንስ 10 ሜትር ሳይረጭ ይቅር፤ ነፋስ ሲኖር ወይም ዝናብ ሊመጣ ሲል አትርጩ። መርጫውን ምንጭ ላይ አትጠቡ፤ አለቅላቂውን እዚያው የተረጨው ማሳ ላይ ጨርሱት።

ከብት ዳሩን ሁሉ እንዳይረግጥ ግማሹን በእሾህ አጥሩና መጠጫ ከታች በኩል ስጡት።

በጂኦመምብሬን (ውሃ በማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ) የተለበጡ የውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓዶች ካሉ ደግሞ እነሱ ወጥመድ ናቸው፤ ፕላስቲኩ ስለሚያዳልጥ የገባችው እንቁራሪት መውጣት አትችልም፣ ደክማ ትሰምጣለች። በአንዱ ጥግ ከአፉ እስከ ታች የሚደርስ ሸካራ ጆንያ ወይም ወፍራም ገመድ ዘርጉና ላዩን በድንጋይ ያዙ። ይህ ብቻውን ብዙ ነፍስ ያተርፋል።

አዲስ ኩሬ መቆፈርን በእናንተ አካባቢ አልመክርም። ፀሐይ የሚመታው አዲስ ኩሬ የወባ ትንኝ መራቢያ ነው፣ «ግልገሎቹ ይበሉልናል» የሚለውም አይሠራም፤ አብዛኞቹ የሚግጡት ውሃ ውስጥ የሚያድገውን አረንጓዴ ዋቅላሚ (አልጌ) ነው። ነባሩን ረግረግ ጠብቁ።

ለውጡን ለማወቅ ከዝናብ በኋላ፣ ከመሸ አንድ ሁለት ሰዓት ቆይታችሁ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ አምስት ደቂቃ አድምጡና ስንት ዓይነት ድምፅ እንዳለ ጻፉ። ከላይ በኩል የከተማ ወይም የፋብሪካ ፍሳሽ ይቀላቀል እንደሆነም እዚህ ጻፍልን፤ ከሆነ ከመርጫው በፊት እሱ ነው መታየት ያለበት።