ስለ 138ቱ ወንበሮች

ሰሞኑን አራት ኪሎ፣ ማኪያቶው የቀዘቀዘበት አንድ ወጣት ሽማግሌዎቹን እንዲህ ሲል ጠየቀ፦ "ጋሼ፣ ለዳቦ ተሰለፍኩ፣ ለታክሲ ተሰለፍኩ፣ ለመታወቂያ ተሰለፍኩ። ከንቲባ ለመምረጥ ደግሞ ልሰለፍ?" ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ ሳቀ። መልስ የሰጠው ግን አልነበረም። ይህ ደብዳቤ ለእሱና ለእኩዮቹ ነው።

በመጀመሪያ ጥያቄው ውስጥ ያለችውን ስህተት እናርም። አዲስ አበባ ውስጥ ከንቲባ የሚመርጥ ነዋሪ የለም። በ1995 በወጣው የከተማዋ ቻርተር፣ በአዋጅ ቁጥር 361፣ ነዋሪው የሚመርጠው የከተማውን ምክር ቤት አባላት ነው። ከንቲባውን የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው። ድምፅ መስጫ ወረቀቱን ብትገለብጡት "ከንቲባ" የምትል ቃል አታገኙበትም። የምትመርጡት ወንበር ነው፤ ወንበሮቹም 138 ናቸው። "ከንቲባ" የሚለው ማዕረግ ራሱ ከጎንደር ዘመን የወረስነው የሹመት ስም ነው። ለዚህም ይመስለኛል እስከ ዛሬ "ከንቲባ ተሾመ" እንጂ "ተመረጠ" ማለት አፋችን ላይ የማይመጣው።

ይህን ያነሳሁት ሕግ ለማስተማር ብዬ አይደለም። የእኛ ትውልድ አንድ ጸጸት አለው፤ ጸጸቱም ያለው እዚሁ ወንበርና ከንቲባ መሀል ነው። እናንተ ያኔ ወይ አልተወለዳችሁም ወይ ታዝላችሁ ነበር።

1997 ነው። ሚያዝያ 29 ቀን መስቀል አደባባይ በገዢው ፓርቲ በኢሕአዴግ ደጋፊዎች ሞላ። በማግስቱ፣ ሚያዝያ 30፣ ያው አደባባይ ተቃዋሚዎቹን ደግፎ በወጣው ሕዝብ ጢም አለ። ግንቦት 7 እሁድ ነበር። ሰው ገና ሳይነጋ ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱ እናቶች ነጠላቸውን እንደለበሱ ሰልፍ ያዙ፤ ጎረቤት ለጎረቤት ወረፋ ጠበቀ። ውጤቱ ሲመጣ የተቃዋሚዎቹ ጥምረት ቅንጅት በተወካዮች ምክር ቤት ያሉትን 23ቱን የአዲስ አበባ መቀመጫዎች ጠቅልሎ ወሰደ። ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮችም 137ቱ የእሱ ሆኑ። አንዲት ብቻ ለኢሕአዴግ ቀረች።

137ን አስቡት። እንዲህ ያለ ቁጥር የሚወጣው የምርጫ ሥርዓታችን ብልጫ ያገኘ ሁሉንም የሚወስድበት ስለሆነ ነው። ሁለተኛ የወጣ፣ ትንሽ ቢያንስም ብዙ ቢያንስ፣ ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህ ሥርዓት ያኔ ለአንዱ ሠራ፣ በኋላ ደግሞ ለሌላው። "የእኔ አንድ ድምፅ ምን ትለውጣለች" የሚል ሰው ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው፤ በአንድ ምርጫ ክልል የምትፈጠር ጠባብ ልዩነት ምክር ቤቱ ውስጥ ስትደርስ ገደል ታክላለች።

ከዚያስ? የተመረጡት ዶክተር ብርሃኑ ነጋን ከንቲባ እንዲሆኑ ሰየሙ። ቁልፉን ግን አልተረከቡም። ሰኔ ላይ ደም ፈሰሰ። መስከረም ላይ ቅንጅት ውስጥ "ፓርላማ እንግባ፣ አንግባ" የሚለው ክርክር ቤቱን ለሁለት ከፈለው። የከተማው ምክር ቤትም የዚያው ክርክር ቁራኛ ሆነና ሳይመሠረት ቀረ። ጥቅምት 1998 እንደገና ደም ፈሰሰ። በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በሰኔውና በጥቅምቱ 193 ሲቪሎች መገደላቸውን መዘገበ። ከንቲባ ይሆናሉ የተባሉት ሰው ከሌሎች መሪዎች ጋር እስር ቤት ገቡ። እስከ ሐምሌ 1999 እዚያው ቆዩ። በ1998 የፌዴራሉ መንግሥት ለከተማዋ ባለአደራ አስተዳደር ሰየመላት፤ አቶ ብርሃነ ደሬሳ ሁለት ዓመት መሯት። ከተማዋ እንዲያ ጎርፋ የመረጠቻቸው 137ቱ አንድም ቀን ተሰብስበው በጀት አላጸደቁም። ላም አለኝ በሰማይ ሆነ።

ጥፋቱ የማን ነው? እስከ ዛሬ ሽማግሌዎች በዚህ ጉዳይ ቡና ሳይጨርሱ ይነሣሉ። "ቢገቡ ኖሮ ይታሰሩ ነበር" የሚል አለ። "ባይገቡም ታሰሩ" ይለዋል ሌላው። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። መንግሥት የሠራውን እንርሳ ማለቴ አይደለም፤ የተኮሰው ማን እንደሆነ ይታወቃል። ነገር ግን ማዘጋጃ ቤቱ ቅርብ ነበር። የቆሻሻ፣ የውኃ፣ የመሬት፣ የቀበሌ ቤት ጉዳይ የሚወሰንበት ቤት ነበር። ፓርላማ ውስጥ 109 መቀመጫ ይዞ ለአምስት ዓመት ተሸንፎ መቀመጥና ከተማ ውስጥ 137 ይዞ ማስተዳደር አንድ አይደሉም። ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልለው "እንግባ ወይስ አንግባ" አሉ። የእኛም ጥፋት አለበት። ድምፅ ሰጥተን ወደ ቤታችን ገባን፤ የመረጥነውን የምክር ቤት ዕጩ በስሙ የሚያውቀው ከመሀላችን ስንት ነበር? ዓርማ ነው የመረጥነው፤ በሁለት ጣት ምልክት። ሰውየውን ስለማናውቀው ደጁ ሄደን "ግባ" ልንለው አልቻልንም።

የዕድል ነገር ሆኖ ዶክተር ብርሃኑ ከ16 ዓመት በኋላ የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። ይህ ሌላ ወሬ ነው።

ቀሪው ታሪክ አጭር ነው። በሚያዝያ 2000 የከተማ ምርጫ ተደረገ፤ ኢሕአዴግ ወንበሮቹን ከሞላ ጎደል ጠራርጎ ወሰደ፣ አቶ ኩማ ደመቅሳ ከንቲባ ሆኑ። በ2005 አቶ ድሪባ ኩማ ተተኩ። በ2010 መደረግ የነበረበት ምርጫ ተራዘመ፤ ያው የ2005ቱ ምክር ቤት ቆየ። በዚያው ዓመት የተወካዮች ምክር ቤት ቻርተሩን አሻሽሎ ከምክር ቤቱ ውጭ ያለ ሰው ከተማዋን እንዲመራ በር ከፈተ፤ ኢንጂነር ታከለ ኡማ በምክትል ከንቲባነት መጡ። ይህችን ልብ በሉ፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 ላይ ለነዋሪው ራሱን የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን ይሰጣል፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ ከተማዋን ተጠሪነቷ ለፌዴራሉ መንግሥት ያደርጋል። ስለዚህ የከተማዋ ምርጫ ከላይ ባለው ቤት እጅ ሊጠመዘዝ ይችላል። ሰኔ 14 ቀን 2013 ስትመርጡ ሁለት ወረቀት የተሰጣችሁ፣ አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት ሌላው ለከተማው፣ ሁለቱም ለአዲስ አበባ ናቸው። "የከተማው ብቻ ይበቃኛል" ብሎ ሌላውን ባዶ የሚያጥፍ ሰው ቻርተሩን ማን እንደሚያሻሽለው የዘነጋ ነው። በመስከረም 18 ቀን 2014 ምክር ቤቱ ወይዘሮ አዳነች አቤቤን ከንቲባ አድርጎ መረጠ።

አሁን ወደ ሰልፉ። ግልጹን እዘለዋለሁ፤ 18 ዓመት መሙላት እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

የአዲስ አበባ ወጣት ድምፅ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ምርጫው ቀን ላይ አይደለም፤ ከዚያ ከወራት በፊት፣ ምዝገባው ላይ ነው። በ2013 ምዝገባው ሲጀመር ጣቢያዎቹ ጭር ብለው ነበር፣ ቀኑም ተራዘመ። ያልተመዘገበ ሰው ምርጫው ቀን በሌሊት ቢመጣ፣ ቢያለቅስ፣ ስሙ መዝገቡ ላይ ከሌለ አይመርጥም። ለምዝገባ የምርጫ ክልሉ ነዋሪ መሆን ያስፈልጋል፤ ቢያንስ ስድስት ወር። ችግሩ እዚህ ነው። ከክፍለ ሀገር መጥቶ በጋራ ቤት የተከራየ ልጅ የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት ከመጣበት ወረዳ መሸኛ ይጠየቃል። መሸኛ ደግሞ በስልክ አይመጣም። አከራዩ በወረዳ ፊት "ተከራዬ ነው" ለማለት የሚያቅማማበትም አለ። ይህን ሁሉ ምዝገባው በተከፈተ ሳምንት ልጀምር የሚል ሰው አይደርስበትም። ከዓመት በፊት ይጀመር።

ከፒያሳ የተነሡትን ደግሞ ለብቻ ልንገራቸው። በ2016 ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ ብዙ ቤተሰብ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሳይቶች ሄዷል። ልቡ እስከ አሁን አራዳ ነው፣ ቡናውንም የሚጠጣው አራዳ መጥቶ ነው። ድምፁ ግን የሚኖርበት ነው። በድሮው መታወቂያ እዚህ እመዘገባለሁ ብሎ መጣር ከሰው ጋር ያጋጫል። በአዲሱ ሰፈር መታወቂያውን አስተካክሎ እዚያ መመዝገብ ይሻላል። ይህን ስጽፍ ደስ አይለኝም፤ ሰፈሩ ፈርሶ ድምፁም አብሮ ሲበተን ማየት የሚያስደስተው ካለ ይንገረኝ።

ስትመዘገቡ የመራጭነት ካርድ ይሰጣችኋል። እዚያው ቆማችሁ ስማችሁንና የምርጫ ጣቢያውን ስም አንብቡ። የአባት ስም ሲገለበጥ፣ "ኃይሌ" እና "ሃይሉ" ሲቀያየር ከመታወቂያ ጋር አልገጠመም ተብሎ የሚመለስ አለ። ፎቶ አንሱት፤ ካርዱን ግን አትጣሉ፤ ፎቶ ካርዱን አይተካም። መዝገቡ ለሕዝብ እይታ ክፍት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ የስም ስህተት በቀላሉ የሚታረመው ያኔ ነው። ምርጫው ቀን የሚነሣ ቅሬታ ጣቢያው ላይ ላለው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ይቀርባል፤ ሰልፉ በመንገድ ሲጠማዘዝ ግን ነገሩ ቀላል አይሆንም።

ጣቢያው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ይሠራል። በ2013 እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዝሟል፤ በዚህ ተስፋ ግን አትዘግዩ። ዝናብ ሊኖር ይችላል፤ ጃንጥላና ውኃ ያዙ። ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ቅድሚያ አላቸው፤ አትገላምጧቸው። ጣታችሁ ላይ የሚቀባው ቀለም ለቀናት አይለቅም፤ ሠርግ ያለበት ይወቀው።

ወረቀቱን እንዴት ታበላሻላችሁ? ስም ወይም ፊርማ በመጻፍ። ከተፈቀደው ቁጥር በላይ ምልክት በማድረግ። የኤክስ ምልክቱን በሁለት ሳጥን መሀል ባለው መስመር ላይ በማሳረፍ። በጣት አሻራ የምትመርጡ ከሆነ ደግሞ ቀለሙ ሳይደርቅ ወረቀቱን በማጠፍ፤ ቀለሙ ከትይዩው ሳጥን ላይ ይታተምና ቆጣሪው ማንን እንደመረጣችሁ ይጠፋዋል። ትንሽ እፍ በሉበት። ዕጩው ስላስቀየማችሁ ወረቀቱ ላይ ስድብ መጻፍ አሁን አሁን የጀግና ሥራ ሆኗል፤ የሚያነበው ግን የደከመው አስፈጻሚ ብቻ ነው፣ ድምፁም ወደ ተበላሹት ክምር ይሄዳል።

ስለ እናንተ አንድ ነገር ልበል፣ ብትቆጡም። ቲክቶክ ላይ የአሜሪካን ክፍለ ግዛቶች ውጤት አንድ በአንድ የምትቆጥሩ ልጆች የራሳችሁን ምርጫ ክልል ቁጥር አታውቁትም። ዕጩዎቹን የማያውቅ ሰው ሰልፍ ባይይዝ ይሻላል እላለሁ፤ ዓርማ መምረጥ ምን እንዳመጣብን ከላይ ነግሬያችኋለሁ። ደግሞ መልሼ ሳስበው፣ ሁሉን እስክታውቁ ከጠበቃችሁ አትሄዱም፤ የሚሄደው ያው በአውቶቡስ ተጭኖ የሚመጣው ይሆናል። እንግዲያው ሁለት ስም ብቻ እወቁና ሂዱ። እናንተ ከእኛ በአንድ ነገር ትበልጣላችሁ፤ ትልቅ ሰው አትፈሩም። ያንን ዕጩ ሰፈራችሁ ሲመጣ አስቁሙትና ስለ ጣሪያና ግድግዳ ግብር ጠይቁት። የከተማው በጀት ለ2016 ከ140 ቢሊዮን ብር በላይ ነበር፣ ለ2017 ከ230 ቢሊዮን አለፈ። ልዩነቱ ከየት እንደሚሰበሰብ ይንገራችሁ። መልስ ካጣ አንድ ስም ቀነሳችሁ ማለት ነው።

የወረዳ ነገር ግን ያናድደኛል። ቀን በቀን የምትሰለፉት ወረዳ ነው፤ በ2013 ግን የወረዳ ምክር ቤት ምርጫ አልነበረም። መታወቂያ የሚያመላልሳችሁን ቤት ሳትመርጡ ከንቲባ የሚመርጠውን ቤት መረጣችሁ። ዕጩ ስታገኙ ይህንንም ጠይቁት፦ የወረዳው ምርጫ መቼ ነው?

ቆጠራው የሚካሄደው እዚያው ጣቢያው ውስጥ፣ የፓርቲ ወኪሎችና ታዛቢዎች ባሉበት ነው፤ ውጤቱም በሩ ላይ ይለጠፋል። በማግስቱ ጠዋት ሄዳችሁ አንብቡት፣ ደብተራችሁ ላይም ጻፉት፦ ማን ስንት፣ የተበላሸ ስንት። ከዚያ ያሸነፉትን የምርጫ ክልላችሁን ሰዎች ስም። በየዓመቱ ሰኔ አልቆ ሐምሌ ሲገባ ምክር ቤቱ በጀት ሊያጸድቅ ይሰበሰባል፣ ቴሌቪዥንም ያሳያል። አፈ ጉባኤው "የምትደግፉ" ሲሉ እጆች ይወጣሉ። ደብተሩን አውጡና የእናንተ ሰው ከየትኛው ረድፍ እጁን እንዳወጣ ፈልጉ።