መብራት የማያሳይ ቦርድ ተቃጥሏል ማለት ነው?

ከባሕር ዳር፣ ሽምብጥ የደረሰኝ ጥያቄ አጠር ሲል እንዲህ ነው፦

«ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? አባቴ ሐይቁ ዳር ትንሽ የችግኝ ጣቢያ አለው። የታንከሩን ውኃ እየለካ ፓምፑን የሚያስነሳ ነገር ልሥራለት ብዬ ኦሬንጅ ፓይ ዜሮ የሚባል ያገለገለ ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ ገዛሁ። ሊኑክሱን ዲዲ በሚባለው የመጻፊያ ትዕዛዝ ሚሞሪ ካርድ ላይ 5 ጊዜ ጻፍኩት። ቻርጀር ስሰካ ቀይም አረንጓዴም መብራት የለም። ጓደኛዬ በራሱ ላፕቶፕ ሌላ ካርድ ላይ ጽፎ ሲሞክር አረንጓዴው በራ። ትንሽ ቆይቶ ጠፋ፣ መልሶ በራ፣ ጠፋ። ያየው ሰው ሁሉ ተቃጥሏል ይለኛል። ባለ 12 ቮልት ቻርጀር ብሞክርስ? የተጠቀምኩበትን ትዕዛዝ ከሥር ጽፌዋለሁ።»

ከመጨረሻው ልጀምር። ባለ 12 ቮልቱን ቻርጀር እባክህ ከጠረጴዛው ላይ አንሳው። ይህ ቦርድ የሚፈልገው 5 ቮልት ነው። 12 ከሰጠኸው ያኔ የምር ይቃጠላል፣ ሰዎቹም ልክ ይሆናሉ።

አሁን ግን አልተቃጠለም። ላጽናናህ ብዬ አይደለም፤ ራስህ ነህ የጻፍክልኝ። በጓደኛህ ካርድ አረንጓዴው በርቷል። ኦሬንጅ ፓይ ዜሮ ላይ ያሉት ሁለት መብራቶች ደግሞ ኤሌክትሪክ ስለገባ ብቻ አይበሩም። ሁለቱም ከፕሮሰሰሩ እግር (ፒን) ጋር የተያያዙ ናቸው። ሶፍትዌር «ብሩ» ካላላቸው አይበሩም። አረንጓዴው በራ ማለት ፕሮሰሰሩ ነቅቷል፣ ካርዱን አንብቧል፣ ያነበበውንም ሠርቷል ማለት ነው። የተቃጠለ ቺፕ ይህን አያደርግም። በሌላ በኩል ካርድ ያልገባበት ጤነኛ ቦርድም እንደ ድንጋይ ዝም ይላል። ሥራ ስጀምር እንዲህ ዝም ያለ ቦርድ «ሞቷል» ብዬ ለመለዋወጫ ፈትቻለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ያሉብህ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። አንዱ አንተ በጻፍከው ካርድ ላይ ነው። ሌላው ኃይሉ ላይ ነው። ተደራርበው ስለመጡ ነው ግራ ያጋቡህ።

ካርዱን እንይ። ትዕዛዝህን አየሁት፤ የጻፍከው ኤስዲቢ1 ላይ ነው። መጻፍ የነበረብህ ኤስዲቢ ላይ ነው። 5 ጊዜ ያለፋችህ ያቺ «1» ናት።

ኤስዲቢ ሙሉው ካርድ ነው። ኤስዲቢ1 ደግሞ ካርዱ ውስጥ ያለው የመጀመሪያው ክፍል። የቦርድህ ፕሮሰሰር ኦልዊነር ኤች2 ፕላስ ነው። ውስጡ ከፋብሪካ የታተመ፣ የማይቀየር ትንሽ ፕሮግራም አለ። ይህ ፕሮግራም ፋይል አያውቅም፣ ፎልደር አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፦ ከካርዱ መጀመሪያ 8 ኪሎባይት ቆጥሮ እዚያ ያገኘውን ማንሳት። እንግዳህን «ከጊዮርጊስ በር 8 እርምጃ ቁጠርና እዚያ ታገኘኛለህ» ብለህ፣ አንተ ግን ከዋናው ገበያ 8 እርምጃ ላይ ቆመህ እንደመጠበቅ ነው። ቁጥሩ ልክ ነው፤ መነሻው ነው የተሳሳተው። አዲስ ካርድ ላይ የመጀመሪያው ክፍል ብዙ ጊዜ ከ4 ሜጋባይት በኋላ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ቡትሎደርህ፣ ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ 4 ሜጋባይት ርቆ ተቀምጧል። ቦርዱ መጣ፣ አንኳኳ፣ የከፈተለት ጠፋ።

እዚያ 8 ኪሎባይት ላይ መገኘት ያለበት ኤስፒኤል የሚባለው ትንሽ ቁራጭ ነው። ትንሽ የሆነው ወዶ አይደለም። በዚያ ሰዓት ዋናው ራም ገና አልነቃም፤ ያለው በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለች ጠባብ ቦታ ብቻ ናት። ኤስፒኤል ራሙን ይቀሰቅሳል። ከዚያ ዋናውን ቡትሎደር፣ ዩቡትን፣ ያመጣል። ዩቡት ደግሞ የሊኑክሱን ልብ፣ ከርነሉን፣ እና ዲቫይስ ትሪ የሚባለውን የቦርዱን ካርታ ጭኖ ሥራውን ያስረክባል። (ቤትህ ያለው ዋይፋይ ራውተርም ብዙ ጊዜ የሚነሳው በዚሁ በዩቡት ነው።)

አሁን እንደገና ጻፈው። ካርዱን ከመሰካትህ በፊት ኤልኤስቢኤልኬ ብለህ የዲስኮቹን ዝርዝር እይ፤ ሰክተህ ድገመው። አዲስ የመጣው ካርድህ ነው። መጠኑንም አመሳክር። ዲዲ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ አይጠይቅም፤ የላፕቶፕህን ዲስክ ከጠቆምከው ያለ ርኅራኄ ይጽፍበታል። ካርዱን አንማውንት አድርግና (ሳትነቅል ከሲስተሙ አላቅቀውና) ያለ ቁጥር፣ ኤስዲቢ ብቻ ብለህ ጻፍ። በላፕቶፑ የራሱ ማስገቢያ ከሆነ ስሙ ኤምኤምሲቢኤልኬ0 ሊሆን ይችላል። እዚያ ደግሞ 0ዋ የሙሉው ካርድ ስም አካል ናት። የምትተወው ከኋላ የምትመጣዋን ፒ1ን ነው።

ሁለት ነገር ጨምረህ አጣራ። ያወረድከው ፋይል ስሙ በኤክስዜድ የሚያልቅ ከሆነ ገና የታመቀ ነው፤ ሳትፈታው በዲዲ ብትጽፈው ዋጋ የለውም። ደግሞም ለዜሮ የተሠራ መሆኑን እይ። ዜሮ 2 የሚባለው ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ፕሮሰሰሩ ኤች616 ነው፤ የዚያ ፋይል አንተ ጋ አይነሳም።

ካርዱ ራሱስ? 64 ጊጋ ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ 8 የሆነ ካርድ እዚህ ሱቅ በየጊዜው ይመጣል። ሲጻፍ «ጨርሻለሁ» ይላል፤ ሲነበብ ባዶ ነው። ኤፍ3 የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ካርዱን ሞልቶ ይጽፍና መልሶ አንብቦ እውነቱን ይነግርሃል። ሰዓት ይፈጃል፣ ግን 5 ጊዜ ከመጻፍ ይሻላል።

ወደ ሁለተኛው ችግር እንሂድ። በጓደኛህ ካርድ አረንጓዴው በርቶ፣ ቆይቶ፣ ጠፍቶ፣ መልሶ መብራቱ ሌላ ነገር ነው የሚነግረን። ቡትሎደሩ ይሠራል። ከርነሉ ተነስቶ አራቱም ኮሮችና ዋይፋዩ ሥራ ሲጀምሩ ቦርዱ ብዙ አምፔር ይስባል። ያኔ ቮልቱ ይወርድና ፕሮሰሰሩ ራሱን ሪሴት ያደርጋል። እንደገና ከአንድ ይጀምራል። እኔ በመጀመሪያ የምጠረጥረው ቻርጀሩን ሳይሆን ኬብሉን ነው። ቀጭን ሽቦ ያለው 1 ሜትር ኬብል ደርሶ መልስ 0.4 ኦም ገደማ ሊኖረው ይችላል። 1 አምፔር ሲያልፍበት 0.4 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ከቻርጀሩ 5 የወጣው ቦርዱ ጋ 4.6 ሆኖ ይደርሳል።

በቴስተር ለካው። ቦርዱ ላይ ባለው ባለ 26 እግር መደዳ ላይ 2ኛው እግር 5 ቮልት ነው፣ 6ኛው ግራውንድ (ኔጋቲቩ)። የምትለካው ቦርዱ እየተነሳ ሳለ ነው፤ ዝም ብሎ ተቀምጦ ከሆነ ሁሉም ኬብል ደህና ይመስላል። ቴስተሩን ስትነካ ሁለት እግር አብረህ እንዳታገናኝ ተጠንቀቅ። 4.8 ሥር ከወረደ እኔ ኬብሉን እጥለዋለሁ። አጭርና ወፍራም ኬብል፣ 2 አምፔር በትክክል የሚሰጥ ቻርጀር በቂ ነው።

ቦርዱ መኖሩን አሁንም ከተጠራጠርክ ቀላል መፈተኛ አለ። ካርዱን አውጣና ዳታ በሚያስተላልፍ ኬብል ከሊኑክስ ላፕቶፕህ ጋር አገናኘው። የተሰኩትን የዩኤስቢ ዕቃዎች የሚዘረዝረውን ኤልኤስዩኤስቢን በል። የሚነሳበት ነገር ያጣ ኦልዊነር ፌል ወደሚባለው ሁኔታ ገብቶ ትዕዛዝ ይጠብቃል። ዝርዝሩ ላይ የኦልዊነር ስም ከፌል ጋር ከወጣ ቦርድህ በሕይወት አለ፤ ዝም ያለው የሚያነበው ስላጣ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ከውጭ ሆኖ መገመት ነው። ይህ ቦርድ ኤችዲኤምአይ የለውም፤ ስክሪን ሰክተህ ምን እንደሆነ አታይም። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመግዛትህ በፊት ቦርዱ ሲነሳ የሚጽፈውን ላፕቶፕህ ላይ የሚያሳይህን የዩኤስቢ ሴሪያል አስማሚ ግዛ፤ ሲኤች340 ወይም ሲፒ2102 የሚባሉት ይሆናሉ። ባለ 3.3 ቮልት መሆኑን አረጋግጥ፤ 5 ቮልት የፕሮሰሰሩን እግር ይጎዳል። ቦርዱ ላይ ለብቻቸው የቆሙ 3 እግሮች አሉ። ግራውንድ ከግራውንድ ጋር። ቲኤክስ (መላኪያው) ከአርኤክስ (መቀበያው) ጋር፣ አርኤክስ ከቲኤክስ ጋር፤ ይሻገራሉ፣ አፍ ከጆሮ ጋር እንደማለት። የአስማሚውን የኃይል ሽቦ ተወው፣ አትሰካው። ፒኮኮም የሚባለውን ፕሮግራም በ115200 ፍጥነት ላፕቶፕህ ላይ ክፈትና ለቦርዱ ኃይል ስጠው።

አሁን ራሱ ይናገራል። አንተ የምትሰማው የት ላይ እንዳቆመ ነው።

አንድ ፊደል እንኳ ካልመጣ፣ ኤስፒኤል አልተገኘም፤ ወደ ካርዱ ተመለስ። (ወይም ሁለቱን ሽቦ አላሻገርክም። እኔም እስከ ዛሬ እሳሳታለሁ።) የኤስፒኤል ስምና የራሙ መጠን ወጥቶ «ፕሊዝ ሪሴት» ብሎ ከቆመ፣ ትንሹ ቁራጭ ተገኝቷል፣ ዋናው ዩቡት ግን ተበላሽቷል፤ ካርድህን ተጠራጠር። «ባድ ሲአርሲ» የሚል መስመር መሃል ላይ ብታይ አትደንግጥ። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ይደነግጣል። የተቀመጠ ቅንብር ስላላገኘ ከራሱ ጋር የመጣውን እየተጠቀመ ነው፤ ጉዳት የለውም።

«ስታርቲንግ ከርነል» ብሎ ጸጥ ካለ፣ ወይ ከርነሉ ወሬውን ወደ ሌላ ወደብ እየላከ ነው፣ ወይ የተሰጠው ዲቫይስ ትሪ የሌላ ቦርድ ነው። ኮንሶሉ (ጽሑፉ የሚወጣበት ወደብ) ቲቲዋይኤስ0፣ ፍጥነቱ 115200 ተብሎ መጻፉን እይ።

ብዙ መስመር ሮጦ «ከርነል ፓኒክ» ካለና ሩት ፋይል ሲስተሙን (የሊኑክሱ ፋይሎች ያሉበትን ክፍል) አጣሁ ካለ፣ መጨረሻ ላይ በቅንፍ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች አንብብ። 0,0 ከሆነ ካርዱን ጭራሽ አላየውም፤ ወይ ስሙ ተሳስቷል፣ ወይ «ካርዱን ጠብቅ» የሚለው ሩትዌይት የተባለ ቃል ጎድሎ ካርዱ ሳይደርስ ቸኩሏል። 179,2 ከሆነ ግን ካርዱን አይቶታል፣ 2ኛውንም ክፍል አግኝቷል፤ 179 የእነዚህ ካርዶች ቁጥር ነው። ያቃተው በውስጡ ያለውን ማንበብ ነው።

መሃል ላይ ተቋርጦ ከላይ እንደ አዲስ ከጀመረ፣ ያው ኃይሉ ነው። ባንተ ቦርድ የምጠብቀው ይህንን ነው።

ለእንዲህ ያሉ ቦርዶች የተሠራውን ሊኑክስ፣ አርምቢያንን፣ ከጫንክ የመጀመሪያው መነሳት ረዘም ይላል፤ ፋይል ሲስተሙን እስከ ካርዱ ጫፍ እየዘረጋ ነው። ታገሠው፣ አትንቀል። ከዚያ በሩት ስም፣ በ1234 ፓስወርድ ትገባለህ፤ ወዲያው አዲስ እንድታወጣ ያስገድድሃል።

ሐይቁ ዳር ስትተክለው ደግሞ ሁለት ነገር አስብ። መብራት ሲሄድ ሲመጣ ካርዱ እየተጻፈበት ከሆነ ፋይል ሲስተሙ ይበላሻል። ትንሽ ባትሪ መሃል ላይ አስገባ፣ የፕሮግራምህንም መዝገብ (ሎግ) ራም ላይ አድርገው። ሁለተኛው ትንኝ ነው። ማታ ከሐይቁ የሚወጣውን ታውቀዋለህ። በኬብል ቀዳዳ ገብቶ ሳጥን ሙሉ የሞተ ትንኝ፣ ከጤዛ ጋር ተለውሶ ቦርድ ላይ ተለጥፎ አግኝቻለሁ። ቀዳዳውን በሲሊኮን ድፈነው። ኬብሉም ከታች ይግባ፣ ከላይ አይሁን።

ፓምፑን በቀጥታ ከቦርዱ እግር ጋር እንዳታገናኝ፤ ያ በሪሌይና በኮንታክተር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ በሚታዘዙ ማብሪያ ማጥፊያዎች፣ የሚሠራ ነው፣ ስትደርስበት ጻፍልኝ። እስከዚያው ሴሪያሉን ሰክተህ የሚወጣውን ላክልኝ። የስክሪን ፎቶ አይሁን፤ ጽሑፉን ኮፒ አድርገው፣ የመጨረሻዎቹን 20 መስመሮች ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያው ጀምሮ። አባትህን ሰላም በልልኝ።