የቲኬቱ ሰዓትና የበረራው ሰዓት

ጥያቄ፦ ለንደን የምትኖረው ልጄ ለሥራ ወደ ሮም ስለምትሄድ ቲኬቷን በስልክ ልካልኛለች። ከለንደን 10:00 ተነሥታ ሮም 13:35 ትደርሳለች፤ ስትመለስ ግን ከሮም 14:30 ተነሥታ ለንደን 16:15 ትገባለች ይላል። መንገዱ አንድ ሆኖ ሳለ መሄጃው የመመለሻው እጥፍ የሚሆነው ለምንድን ነው? ርቀቱንስ አንዱ 1,400 ኪሎ ሜትር፣ ሌላው 1,800 ይለኛል፤ የቱን ልመን? ደረሰች ብዬ የምደውለውስ ስንት ሰዓት ነው? (አባት፣ ከደሴ)

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ቲኬቱ አልተሳሳተም። የመነሻው ሰዓት የሚጻፈው በመነሻው ከተማ፣ የመድረሻውም በመድረሻው ከተማ አቆጣጠር ሲሆን፣ ሮም ዓመቱን ሙሉ ለንደንን በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ልጅዎ ስትነሣ ሮም ላይ 11:00 ስለሆነ፣ ጉዞዋ ሁለት ሰዓት ከ35 ደቂቃ ብቻ ነው፤ መመለሻዋም በዚሁ ስሌት ሁለት ሰዓት ከ45 ይሆናል። የሰዓት ልዩነቱን ለማያውቅ ሰው እንኳ መላ አለው፤ በቲኬቱ ላይ የሚታዩትን ሁለቱን ርዝመቶች ደምሮ ለሁለት ቢያካፍል ልዩነቱ ይጣፋና አማካዩ፣ ማለትም ሁለት ሰዓት ከ40፣ ይቀርለታል። የ10 ደቂቃዋን ብልጫ በአብዛኛው የምታመጣው ነፋስ ናት፤ በዚያ ከፍታ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ መንፈስ ስለምታዘወትር ወደ ሮም የሚሄደውን ትገፋለች፣ ተመላሹን ትጋፈጣለች።

ርቀቱን በተመለከተ ሁለቱም መረጃ ሰጪዎችዎ እውነት ብለዋል። በአየር በቀጥታ ሲለካ 1,430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመኪና ግን ባሕር ተሻግሮ፣ ፈረንሳይን አቋርጦ፣ የአልፕስ ተራሮችን ማለፍ ስለሚያስፈልግ ከ1,800 ይበልጣል። ለደሴ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ሐረጎ አናት ላይ ሆኖ ኮምቦልቻን ቁልቁል ያየ ሰው እጁን ቢዘረጋ የሚነካት ይመስለዋል፤ ሚኒባሱ ግን ገና ብዙ ጊዜ ይጠማዘዛል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አሞራ ቢበርረው ከ15 አይበልጥም።

ለመደወል ሲያስቡ ግን ከአቆጣጠራችን ይጠንቀቁ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ቲኬት ላይ 3:00 የሚለውን የጠዋት 3 ሰዓት ነው ብዬ፣ ሌሊት 9 ሰዓት የሄደውን አውሮፕላን ረፋድ ላይ ፍለጋ ወጥቻለሁ። ልጅዎ ሮም የምትደርስበት 13:35 በእኛ ቀን 9 ሰዓት ከ35 ነው፤ አውሮፓውያኑ ሰዓታቸውን ወደፊት በሚገፉበት ወቅት፣ በግምት ከመጋቢት ሦስተኛ ሳምንት እስከ ጥቅምት ሦስተኛ ሳምንት ድረስ፣ 8 ሰዓት ከ35 ይሆናል። ከአውሮፕላን ወርዳ ስልኳን እስክትከፍት ግማሽ ሰዓት ያህል ይታገሷት።