ብረት መስበር ሥራ ነው ወይ?

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው። በሜካኒካል ምህንድስና ልትመረቂ ነው። የአውሮፕላን ሞተር ማቴሪያሎችን በአንድ ጊዜ ከብዙ አቅጣጫ እየወጠረ የሚፈትሽ ላብራቶሪ ሥራ ሰጥቶሻል። ጓደኞችሽ ግን «ብረት ስትሰብሪ ልትኖሪ ነው? ሲሙሌሽን (በኮምፒውተር አስመስሎ ማስላት) ይሻልሻል» እያሉ እንድታመነቺ አድርገውሻል።

እኔ ያዢው ባይ ነኝ። ከመፈረምሽ በፊት ግን የምትጠይቂው አለ።

ሲሙሌሽን ጥሩ ነው፤ ግን የሚያምነው ሞዴል ልክ መሆኑ የሚታወቀው በሙከራ ነው። ናሙናን ወደ አንድ አቅጣጫ ስቦ መበጠስ ድሮም ነበረ። የተርባይን ዲስክ ግን ሲሽከረከር ወደ ውጭም ይሳባል፣ ዙሪያውንም ይወጠራል። የሙቀት ልዩነቱ ደግሞ የራሱን ጫና ይጨምርበታል። እንደ ነጠላ ክሪስታል (ሙሉው አንድ ክሪስታል የሆነ) የኒኬል ቅይጥ ያሉት ማቴሪያሎች ደግሞ ጥንካሬያቸው እንደ አቅጣጫው ይለያያል። በሴራሚክ ክር የተጠናከረ ሴራሚክም እንደዚያው ነው። ይሄ ሴራሚክ ደግሞ የላብራቶሪ ህልም እንዳይመስልሽ፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሊፕ በሚባለው የአውሮፕላን ሞተር ውስጥ መንገደኛ ጭኖ እየበረረ ነው።

ሥራው ምን ይመስላል? የመስቀል ቅርጽ ያለውን ናሙና ውሰጂ። አራቱም ክንዶቹ ይሳባሉ። መሰበር ያለበት መሃሉ ስለሆነ መሃሉ ይሳሳል። ስንጥቁ ግን ክንዶቹ የሚገናኙበትን ጥግ ይወዳል። እዚያ ከተሰበረ ያገኘሽው ውጤት ከማቴሪያሉ ይልቅ የናሙናውን ቅርጽ ነው የሚነግርሽ። ሌላው ናሙና ስስ ቱቦ ነው፤ እየተሳበ ይጠመዘዛል። ሙቀቱ ሲጨመር ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ሙቀት መለኪያውን መሃሉ ላይ ከበየድሽው ስንጥቁ ከብየዳው ሊነሳ ይችላል። ካልበየድሽው የመሃሉን ሙቀት በምን ታውቂያለሽ? ሙያው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ «ይህ ውጤት ይታመናል፣ ያኛው አይታመንም» ብሎ መለየት። ይህን የሚችል ሰው በቀላሉ አይገኝም።

እንግዲህ አለቃሽ የሚሆነውን ሰው ጠይቂው። ናሙናውን የሚነድፈው ማነው? ዳታውንስ የሚተነትነው? የተሰበረውን ገጽ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚያየው? ሁሉም «ሌላ ክፍል ነው» ከተባለና ያንቺ ድርሻ ናሙና አስሮ ማሽን ማስነሳት ብቻ ከሆነ ቶሎ ይሰለችሻል። ከሦስቱ ሁለቱን ከሰጡሽ ግን አታመንቺ።

ስለ ሚስጥርም ጠይቂ። የሞተር አምራቾች ዳታቸውን አያወጡም። ምን ያህሉን በሲቪሽ ላይ መጻፍ እንደሚፈቀድልሽ ቀድመሽ እወቂ። ከመከላከያ ጋር የሚነካካ ሥራ የዜግነት ገደብ ሊኖረው ስለሚችል እሱንም አጣሪ።

ትዕግስት የሚባል ነገር ከሌለሽ ደግሞ ይቅርብሽ። የድካም ሙከራ፣ ማለትም ናሙናው እስኪሰበር ጫናን ደጋግሞ መጫን፣ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ ማሽኑም ሌሊት መቆም ይወዳል።

«በጣም ጠባብ ሙያ ነው» የሚለው ስጋትሽ ብዙም አያሳስበኝም። የኃይል ማመንጫ ተርባይን፣ መኪና፣ አጥንት ውስጥ የሚገባ ብረት፣ ሁሉም በድካም ይሰበራል።

እስከዚያው ሁለት ነገር ሥሪ። ኤኤስቲኤም ኢ2207 የሚባለውን የሙከራ ስታንዳርድ አንብቢ፤ መሳብና ጥምዘዛ አንድ ላይ ስለሚሰጠው የቱቦ ሙከራ ነው። ከዚያ የመስቀሉን ናሙና በምታውቂው የሲሙሌሽን ሶፍትዌር ሥሪና ጥጉ ላይ ያለው ጫና ከመሃሉ በስንት እንደሚበልጥ እዪ። የጥጉን ቅርጽ እየቀያየርሽ ልዩነቱን ለማጥበብ ሞክሪ፤ መጀመሪያ ቀን ሥራ ስትገቢ ይዘሽው ግቢ።